ካሜራው ለስንት ተማሪ ይደርሳል?
በአሜሪካ የሁለት ዓመት የብሮድካስትና የዲጂታል ሚዲያ ኮሌጅ ለምትመርጡ

በአሜሪካ ለቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ለሬዲዮ ወይም ለቪዲዮ ፕሮዳክሽን ድርጅት ሥራ የሚያመለክት ወጣት ከዲግሪው እኩል፣ ብዙ ጊዜም ከዲግሪው ቀድሞ፣ የሠራውን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ሪል ይሉታል፤ ራሱ የቀረጸው፣ ራሱ ያቀናበረው ወይም ራሱ ያቀረበው የሁለት ሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ኮሌጅ ስትመርጡ ከሕንፃው ውበትና ከብሮሹሩ ፎቶ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ መሣሪያው በእርግጥ እጃችሁ ይገባል ወይ? የምታገኙት ክሬዲት ወደፊት ይዞአችሁ ይሄዳል ወይ? ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የማጣሪያ መንገድ ነው።

አሶሺየት ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት ነው። በሙሉ ጊዜ ለሚማር ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ቀን ሠርቶ ማታ ለሚማር ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ሊሄድ ይችላል። ከ60ው ክሬዲት ትልቅ ድርሻ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና የመሳሰሉት ጠቅላላ ትምህርቶች ይወስዱታል። ካሜራ፣ ማይክና ኤዲቲንግ የሚነካባቸው ኮርሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚያ ጥቂት ኮርሶች በደንብ ካልተሰጡ ዲግሪው ወረቀት ብቻ ይሆናል።

የምትፈልጉትን ሥራ ለዩ

ብሮድካስት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ዜና የሚያነበው ሰው ነው። ከእሱ በስተጀርባ ግን ካሜራ የያዙት፣ ማይኩን የሚያስተካክለው፣ ስዊቸሩ ላይ ተቀምጦ ከካሜራ ወደ ካሜራ የሚቀይረው፣ ግራፊክስ የሚያስገባው፣ ሰዓቱን እየቆጠረ ፕሮግራሙን የሚመራው ዳይሬክተር፣ ስክሪፕቱን የሚያዘጋጀው ፕሮዲዩሰርና ሲግናሉ እንዳይቋረጥ የሚጠብቀው ኢንጂነር አሉ። ዛሬ ደግሞ ፖድካስት የሚያዘጋጅ፣ የቤተ ክርስቲያንና የጉባኤ ቀጥታ ስርጭት የሚያስተላልፍ፣ ለሆስፒታልና ለድርጅት የማሠልጠኛ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ተጨምሯል።

ይህ ልዩነት ለኮሌጅ ምርጫው መሠረት ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ በሚያወጣው የሙያ መመሪያ ላይ ሪፖርተርና ጋዜጠኛ ለመሆን የተለመደው መግቢያ ባችለር ዲግሪ ነው። ለብሮድካስት፣ ለድምፅና ለቪዲዮ ቴክኒሻኖች ግን ከባችለር ያነሰ ትምህርት ይበቃል። እንግዲህ ሪፖርተር መሆን የምትፈልጉ ከሆነ የሁለት ዓመቱ ኮሚኒቲ ኮሌጅ መሸጋገሪያ ነው፤ ዋናው ጉዳያችሁ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚደረገው ትራንስፈር ይሆናል። ድምፅ፣ ካሜራ፣ መብራት ወይም የመቆጣጠሪያ ክፍል ሥራ የሚስባችሁ ከሆነ ኮሌጁ ራሱ የሥራ በር ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ በላይ መሣሪያውን ተመልከቱ።

ዲግሪው ራሱም በዚሁ ይለያያል። ኤኤ ወይም ኤኤስ የሚባለው ለትራንስፈር ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ኤኤኤስ የሚባለው ደግሞ ቶሎ ወደ ሥራ ለሚገባ ሰው የተሠራ ስለሆነ የሙያ ኮርሶቹ በዛ ይላሉ፤ ጠቅላላ ትምህርቱ ያንሳል። ኤኤኤስ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለአንዳንዱ ተማሪ ትክክለኛው እሱ ነው። ነገር ግን ኤኤኤስ ጨርሶ በኋላ ባችለር ልቀጥል የሚል ተማሪ ብዙ ክሬዲት ሊቀርበት ይችላል። በአንድ ፊደል ልዩነት አንድ ዓመት ሊጨመር ስለሚችል ከመመዝገባችሁ በፊት በኮሌጁ ካታሎግ ላይ የተጻፈውን በዐይናችሁ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። በብዙ ቤተሰቦቻችን ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ነርሲንግ ወይም ኮምፒዩተር እንዲማር ይጠበቃል፤ ሚዲያ ሲል ቤቱ ዝም ይላል። ስደት ላይ ያለ ወላጅ ልጁ እንጀራ የሚያበላ ሙያ እንዲይዝ መፈለጉ ተገቢ ነው። ክርክሩን የሚያቃልለው ልጁ «ደስ ይለኛል» ማለቱ ብቻ አይደለም። የትኛውን ሥራ እንደሚፈልግ፣ ዲግሪው ወዴት እንደሚያሻግር፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ በአንድ ገጽ ጽፎ ሲያቀርብ ነው ወላጅ የሚሰማው። ልጁ ያን ገጽ ለወላጁ ሲያዘጋጅ ለራሱም ይጠቅመዋል።

ኮሌጁ እውቅና አለው?

ይህን ቶሎ እንለፈው፤ ግን አትዝለሉት። በሜሪላንድ ያሉ ኮሌጆችን የሚያየው ሚድል ስቴትስ ኮሚሽን ነው፤ በቨርጂኒያ ደግሞ የደቡብ ኮሌጆች ማኅበር ኮሚሽን። በሌሎች ስቴቶችም እንዲሁ የየራሳቸው እውቅና ሰጪዎች አሉ። የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት እውቅና ያላቸውን ሁሉ በአንድ ማውጫ ስለሚያወጣ በአምስት ደቂቃ ማጣራት ይቻላል። የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎችን ብቻ የሚመዝነው ምክር ቤት በአብዛኛው የአራት ዓመት ተቋማትን ስለሚመለከት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያን ማኅተም ባይኖረው አትደንግጡ።

በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ለትርፍ የተቋቋሙትን ነው። በዲዛይን፣ በፊልምና በሚዲያ ትምህርት ስማቸው ገኖ የነበረው አርት ኢንስቲትዩቶች ቀርተዋቸው የነበሩትን ካምፓሶች በሙሉ በመስከረም 2023 መጨረሻ ዘጉ። በ2024 የፌዴራሉ መንግሥት ለ317,000 የቀድሞ ተማሪዎች ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የትምህርት ዕዳ ሰረዘ፤ ተቋሙ ስለ ሥራ ዕድልና ስለ ደመወዝ ተማሪዎቹን አሳስቷል በሚል ነው። ዕዳው ቢሰረዝም ያለፈውን ዓመት የሚመልስ የለም። «ተመራቂዎቻችን ይህን ያህል ፐርሰንት ሥራ ይዘዋል» የሚል ኮሌጅ ሲያጋጥማችሁ በየትኛው ሥራ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ፣ ከስንት ተመራቂ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱን በስልክ ብቻ የሚሰጣችሁን፣ በየቀኑ እየደወለ «ዛሬውኑ ፈርሙ» የሚላችሁን መልማይ ተሰናበቱት።

የኮርሱን ዝርዝር ከፕሮግራም ሰሌዳው ጋር አስተያዩ

የፕሮግራም ስም ብዙ አይነግራችሁም። አንዱ ኮሌጅ ብሮድካስት ሚዲያ፣ ሌላው ማስ ኮሙኒኬሽን፣ ሦስተኛው ዲጂታል ሚዲያ ይለዋል። በአንዳንዱ ኮሌጅ ዲጂታል ሚዲያ ማለት ድረ ገጽና ግራፊክ ዲዛይን ሆኖ ስቱዲዮ የሚባል ነገር የሌለበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የኮርሶቹን ዝርዝር አውጥታችሁ ቢያንስ እነዚህን ፈልጉ፦ የስቱዲዮ ቴሌቪዥን ፕሮዳክሽን፣ የመስክ ቀረጻ፣ የድምፅ ፕሮዳክሽን፣ ኤዲቲንግ፣ ለሚዲያ መጻፍ፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር፣ በመጨረሻም ኢንተርንሺፕ። የመጨረሻው በክሬዲት የሚቆጠር ከሆነ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያደርገውን አድርጉ። ኮሌጆች የየሴሚስተሩን የክፍል ሰሌዳ ለማንም ክፍት አድርገው ያወጣሉ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ሰሌዳ ከፍታችሁ ካታሎጉ ላይ ያሉት ኮርሶች በእርግጥ የተሰጡ መሆናቸውን ተመልከቱ። ካታሎግ ላይ ሰፍሮ ለዓመታት ያልተከፈተ ኮርስ አለ። ሁለተኛው የቴሌቪዥን ፕሮዳክሽን ኮርስ በስፕሪንግ ብቻ፣ ያውም ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሚሰጥ ከሆነ፣ ቀን ፓርኪንግ የሚሠራ ወይም በነርሲንግ ሆም ሽፍት ያለው ተማሪ መመረቂያውን በአንድ ዓመት ያዘገየዋል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሽፍቱን ያስለውጣል፤ ያላወቀ በመጨረሻው ሴሚስተር ይደርስበታል።

በኮርሶቹ ዝርዝር ላይ ምን ሶፍትዌር እንደሚያስተምሩ ይጻፋል። አዶቤ ፕሪሚየር፣ አቪድ ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ መሆኑ እንደ ሥራ ቦታው ይለያያል፤ ትላልቅ ጣቢያዎችና የፊልም ቤቶች አቪድን ይመርጣሉ፤ አነስተኛ ድርጅቶችና ነፃ ሠራተኞች ፕሪሚየርን። አንዱን በደንብ የተማረ ሌላውን በሳምንታት ይለምደዋልና በዚህ ብቻ ኮሌጅ አትጣሉ።

ሄዳችሁ እዩ

ይህ ነው ዋናው። ለጎብኚ የሚዘጋጀው ቀን ጥሩ ነው፤ ግን ያን ቀን ሁሉም ነገር ተወልውሎ ነው የሚጠብቃችሁ። ለፕሮግራሙ ኃላፊ ኢሜይል ጽፋችሁ የስቱዲዮ ክፍል በሚካሄድበት ሰዓት ከኋላ ተቀምጣችሁ እንድትመለከቱ ጠይቁ። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። እምቢ የሚል ካለ ምክንያቱን ጠይቁ።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ቁጠሩ። ተማሪዎቹ ስንት ናቸው? የሚሠሩት ካሜራዎች ስንት ናቸው? ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ክፍል ውስጥ 24 ተማሪና ሦስት ካሜራ ካለ ለአንድ ካሜራ ስምንት ሰው ይደርሳል፤ አንዱ ተማሪ ካሜራ የሚይዘው ቢበዛ 22 ደቂቃ ነው፤ ያውም መምህሩ ምንም ሳይናገር ከዋለ። ተማሪው 12 ከሆነ 45 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ልዩነት በ15 ሳምንት ተባዝቶ ሲታይ በአንድ ሙያ ውስጥ እጅ በመፍታትና ባለመፍታት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከዚያ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ዝለቁ። ተማሪዎች ዜና እየቀረጹ ከሆነ ትእዛዙን የሚሰጠው ማን እንደሆነ አድምጡ። «ካሜራ ሁለት ተዘጋጅ» የሚለው ድምፅ የተማሪ ነው ወይስ የመምህሩ? ጥሩ መምህር ከተማሪዎቹ ጀርባ ቆሞ፣ እጁን አጣጥፎ፣ የተሳሳተ ሾት በአየር ላይ ሲያልፍ እያየ ዝም የሚል ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ቁጭ አድርጎ ያነጋግራቸዋል። ስዊቸሩን ከተማሪው እጅ ነጥቆ ራሱ የሚያስተካክል መምህር ያማረ ፕሮግራም ያወጣል፤ ተማሪው ግን አይማርም። ስዊቸሩ ላይ የተቀመጠው ተማሪ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ራሱ ሲጫን ካያችሁ ጥሩ ቦታ ናችሁ።

ኬብሉ እንዴት እንደተጠቀለለ ተመልከቱ። በዚህ ሙያ ኬብል በክርን ላይ አይጠመጠምም፤ አንዱ ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ወደ ታች እየተደረገ ይጠቀለላል፤ እንዲህ ሲሆን ውስጡ ያለው ሽቦ ሳይጠማዘዝ በአንድ ውርወራ ይዘረጋል። በየመንጠቆው ተስተካክሎ፣ ርዝመቱ በቴፕ ተጽፎበት የተሰቀለ ኬብል ያለበት ስቱዲዮ የሚያስተምር ሰው አለበት ማለት ነው። መሬት ላይ ተወሳስቦ የወደቀ ከሆነ መሣሪያው አዲስም ቢሆን ጠያቂ እንደሌለው ይናገራል።

በመጨረሻ የመሣሪያ መበደሪያውን መስኮት ፈልጉ። ካሜራ፣ ትራይፖድ፣ መብራትና ማይክ ለተማሪ የሚሰጥበት ክፍል ነው። አርብ ከሰዓት መሄድ ይመረጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ለመቅረጽ የሚፈልግ ሁሉ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እነዚህን ጠይቁ፦ አንድ ካሜራ ለስንት ቀን ይሰጣል? የመጀመሪያ ሴሚስተር ተማሪ መውሰድ ይችላል ወይስ ሁለተኛ ዓመት እስኪደርስ ይጠብቃል? ቢሰበርስ ማን ይከፍላል? ኤዲቲንግ ክፍሉ ማታና ቅዳሜ ክፍት ነው? መደርደሪያው ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ካያችሁ የተጻፈበትን ቀን አንብቡ። የባለፈው ሳምንት ከሆነ የተለመደ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሆነ የጥገና በጀት የለም።

«የራሳችን ጣቢያ አለን» ሲሏችሁ

ብዙ ኮሌጆች ይህን በኩራት ይናገራሉ፤ ኩራቱም ይገባቸዋል። ነገር ግን የፈቃዱ ባለቤት ኮሌጁ መሆኑና ተማሪው ማይክ ላይ መቀመጡ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በካሊፎርኒያ በ89.3 ኤፍኤም የሚሰማው ጣቢያ ፈቃዱ የፓሳዲና ሲቲ ኮሌጅ ነው፤ ከ2000 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ግን የደቡብ ካሊፎርኒያ የሕዝብ ሬዲዮ ድርጅት ነው። የሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ ንብረት የሆነው ኬሲአርደብሊውም በባለሙያዎች የሚመራ ትልቅ የሕዝብ ሬዲዮ ነው። በኦሬገን የማውንት ሁድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የጃዝ ጣቢያ ከ2009 ጀምሮ በስቴቱ የሕዝብ ብሮድካስት ድርጅት ይመራል። በሚልዋኪ የቴክኒክ ኮሌጁ የከተማዋን የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በባለቤትነት ይዟል። እንዲህ ያለ ጣቢያ በግቢው ወይም በአጠገቡ መኖሩ ለኢንተርንሺፕና ለትውውቅ ዕድል ይሰጣል፤ ነገር ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም ፕሮግራም የሚያቀርበው አንዲት ትንሽ የኢንተርኔት ሬዲዮ ባላት ኮሌጅ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ባለፈው ሴሚስተር ተማሪዎች ስንት ሰዓት ፕሮግራም አየር ላይ አዋሉ? አንዱን ላድምጠው እችላለሁ?

ገንዘቡንም ጠይቁ። ኮንግረሱ በሐምሌ 2025 ለሕዝብ ብሮድካስት ኮርፖሬሽን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰርዟል፤ ከ1967ቱ ሕግ ጀምሮ ጣቢያዎችን ሲደግፍ የኖረው ኮርፖሬሽኑም በማግሥቱ ወር ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። የፌዴራል ድጎማ ይደርሰው የነበረ የኮሌጅ ጣቢያ ሁሉ ይህ ነክቶታል። እንግዲህ ስለ ጣቢያው ጠይቁ፦ ሠራተኛ ቀንሰዋል? የተማሪ ሥራ ቦታዎች ቀርተዋል? ፈቃዱን ለመሸጥ ታስቧል? የፕሮግራሙ ኃላፊ ይህን በግልጽ ቢያስረዳችሁ ለእሱ ያላችሁ እምነት ይጨምራል።

ክሬዲቱ የት ይደርሳል?

በዋሽንግተን ዙሪያ ላለው ማኅበረሰባችን ምሳሌ ልውሰድ። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሮክቪል፣ በጀርመንታውንና በታኮማ ፓርክ–ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሶች አሉት፤ የራሱ የኬብል ቴሌቪዥንም አለው። ማዶ በቨርጂኒያ ኖቫ ተብሎ የሚጠራው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በአሌክሳንድሪያ፣ በአናንዴልና በሌሎችም ካምፓሶች ያስተምራል፤ ከ2018 ጀምሮ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል የጋራ መሸጋገሪያ ፕሮግራም አለው። ለሁለቱም ተማሪ በአካባቢው የሚያጓጉ መዳረሻዎች አሉ፦ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ኮሌጅ፣ በታውሰን የኤሌክትሮኒክ ሚዲያና ፊልም ትምህርት፣ በዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱ ቴሌቪዥንና የራሱ ኤፍኤም ሬዲዮ።

አድቫይዘር «ክሬዲቶቹ ሁሉ ይተላለፋሉ» ሲላችሁ ቀጣዩን ጥያቄ ጠይቁ፦ ለምን ይቆጠራሉ? ዩኒቨርሲቲው 60ውንም ክሬዲት ሊቀበል ይችላል፤ ግን የስቱዲዮ ኮርሱን እንደ ትርፍ ምርጫ ቆጥሮ፣ ለሜጀሩ የሚያስፈልገውን ኮርስ እንደገና ሊያስወስዳችሁ ይችላል። የተቀበለው ክሬዲትና ለዲግሪው የቆጠረው ክሬዲት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ከኮሚኒቲ ኮሌጁ አድቫይዘር በተጨማሪ ልትሄዱበት ያሰባችሁትን ዩኒቨርሲቲ የትራንስፈር ቢሮ ራሱን አነጋግሩ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የኮርስ አቻ የሚታይበት የስቴት ማውጫ አላቸው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ለትራንስፈር የተሠራ የተለየ አሶሺየት ዲግሪ አለ፤ በፊልም፣ ቴሌቪዥንና ኤሌክትሮኒክ ሚዲያ ዘርፍም ይሰጣል፤ ያን የያዘ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ይጠበቅለታል።

የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ፣ ማለትም የኮርሱን መግለጫ፣ አስቀምጡ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ኮርስ አልቀበልም ቢል ክርክሩ የሚደረገው በዚያ ወረቀት ነው።

ገንዘብና መኖሪያ

በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ክፍያ አለ፦ ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለሌላ የሜሪላንድ ካውንቲ ነዋሪ፣ ከስቴቱ ውጭ ለሚመጣ። ልዩነቱ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። እንደ ነዋሪ ለመቆጠር እዚያ ከትምህርቱ መጀመሪያ በፊት ቢያንስ ሦስት ወር በካውንቲው መኖር ይጠየቃል፤ በቨርጂኒያ ለስቴት ነዋሪ ክፍያ የሚጠየቀው አንድ ዓመት ነው። በዲቪ ገና የመጣችሁ ከሆነ ይህን ቀን አስሉ። የቤት ውል፣ የመንጃ ፈቃድና የታክስ ወረቀት በስማችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰብሰብ፤ በዘመድ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ዘመዳችሁ የሚፈርመው ማረጋገጫ እንደሚቀበሉ ቢሮውን ጠይቁ።

ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኝነት ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው። የዚህ እርዳታ አካል የሆነው ፔል ግራንት በ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፤ በብዙ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ይህ የነዋሪ ክፍያውን ሸፍኖ ይተርፋል። ግን ፔል በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ሜጀር እየቀያየረ፣ ኮርስ እየጣለ የሚያባክነው ተማሪ ባችለሩን ሲጀምር ገንዘቡ ያልቅበታል። አንዳንድ ስቴትም የራሱን ይጨምራል፤ ሚኒሶታ ከ2024 ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆኑ የስቴቱ ነዋሪዎች በመንግሥት ኮሌጆች ትምህርቱን በነፃ ይሰጣል።

ከኢትዮጵያ በኤፍ-1 ቪዛ ለመምጣት የምታስቡ ሒሳቡ ሌላ ነው። ፔል የለም፤ የውጭ ተማሪ ክፍያ ነው የሚከፈለው። በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መውሰድ ግዴታ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በኦንላይን ሊቆጠር የሚችለው አንድ ኮርስ ብቻ ስለሆነ «ሙሉ በሙሉ ኦንላይን» የሚል ፕሮግራም ለእናንተ አይሆንም። ከምረቃ በኋላ በሙያ ለመሥራት የሚፈቀደው ጊዜ በአንድ የዲግሪ ደረጃ 12 ወር ነው፤ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፎች የሚሰጠው ማራዘሚያ ከባችለር ጀምሮ ላለ ዲግሪ እንጂ ለአሶሺየት አይደለም።

ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ካሜራ ከኮሌጁ ይገኛል። በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚያስፈልጋችሁ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫና ሥራችሁን የምታስቀምጡበት ፈጣን ሃርድ ድራይቭ ነው። በየስቱዲዮው የምታዩት ሶኒ ኤምዲአር-7506 ማዳመጫ ለዓመታት የኖረው ዋጋው ስለማይጎዳና ድምፁን ሳያሳምር እንዳለ ስለሚያሰማ ነው።

እንግሊዝኛው

ከኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛና የሒሳብ መመደቢያ ፈተና ይፈተናል። የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ያለው ደግሞ ትራንስክሪፕቱን በታወቀ የውጭ ትምህርት ገምጋሚ ድርጅት ማስመዘን ይችላል፤ ጠቅላላ ትምህርቶቹ ከተቆጠሩለት ጊዜም ገንዘብም ይተርፈዋል። የመመደቢያ ፈተናውን ሳይዘጋጁ መግባት ጉዳት አለው። ዝቅ ብሎ የተመደበ ተማሪ አንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ሊወስድ ይችላል፤ ያ ዓመት ከፔሉ ይቀነሳል፣ ወደ ዲግሪው ግን ላይቆጠር ይችላል። በአንጻሩ ቋንቋው በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው ትምህርቱን አይጥላው፤ በደንብ መጻፍ የማይችል ፕሮዲዩሰር የለም። የሚጠቅመው መንገድ የቋንቋ ኮርሱን እየወሰዱ ጎን ለጎን የድምፅ ወይም የካሜራ መግቢያ ኮርስ መጀመር ነው፤ ኮሌጁ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዘዬአችን ብዙዎቻችንን ያሳፍራል፤ ሊያሳፍረን ግን አይገባም። አማርኛ የሚናገር ካሜራማን፣ ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ኤዲተር፣ በአበሻ ቤት ገብቶ ቃለ መጠይቅ የሚሠራ ፕሮዲዩሰር ያለው ጣቢያ ሌላው የማይደርስበትን ታሪክ ያገኛል። ኢቢኤስ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ2008 ሲሆን መሠረቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ክፍልም በ1982 ተጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ከዋሽንግተን ሲተላለፍ ነበር። ሙያውን በእኛ ቋንቋ የሠሩ ሰዎች በዚህ ከተማ ሞልተዋል። መምህሩን የምትጠይቁት ይህ ነው፦ የፕሮጀክት ሥራዬን በአማርኛ ሠርቼ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ባስረዳው ይቀበሉኛል? አዎ የሚል መምህር ካገኛችሁ ሪላችሁ የሌላ ተማሪ ሪል አይመስልም።

ቁጥሮቹን በጥንቃቄ አንብቡ

ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለው የፌዴራል ማውጫ የምረቃ መጠንን፣ ዕዳንና የተመራቂ ገቢን ያሳያል። የኮሚኒቲ ኮሌጅ የምረቃ መጠን ዝቅ ብሎ ስታዩ ግን ወዲያው አትፍረዱ። በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው ቁጥር የሚከታተለው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ጊዜ የገቡትን ነው፤ የሁለት ዓመቱን ትምህርት በሦስት ዓመት የጨረሰ ይቆጠራል፤ ሳይመረቅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረው በሌላ ዓምድ ነው የሚገባው። ሁለቱን ዓምዶች ደምራችሁ አንብቡ። ትንሽ ተማሪ ያለው ፕሮግራም ገቢው ለምስጢር ሲባል ላይታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ የቀረው መንገድ ተመራቂ ፈልጎ ማነጋገር ነው። የፕሮግራሙ ኃላፊ ሦስት ተመራቂ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት። እነሱንም «ወደዳችሁት ወይ?» አትበሏቸው፤ «ሪልህ ውስጥ ካለው ሥራ ስንቱን ኮሌጅ ውስጥ ሠራኸው?» በሏቸው።

ገና ያልወሰናችሁ ከሆነ ደግሞ ርካሽ የመሞከሪያ ቦታ አለ። በብዙ ካውንቲዎች ለነዋሪ ክፍት የሆኑ የሕዝብ ኬብል ጣቢያዎች አሉ፤ እንደ ቨርጂኒያው ፌርፋክስ ያለው በዝቅተኛ ክፍያ የካሜራና የስቱዲዮ ሥልጠና ይሰጣል፤ የሠለጠነም ፕሮግራም መሥራት ይችላል። አንድ ወቅት እዚያ ኬብል ስባችሁ ካያችሁ በኋላ ሥራው ይስማማችሁ እንደሆነ ከማንም አድቫይዘር በላይ ታውቃላችሁ።

ለፎል የምትገቡ ከሆነ የስቱዲዮ ክፍሎች ከሁሉ ቀድመው ስለሚሞሉ ምዝገባ በተከፈተበት ቀን ግቡ። ቢያንስ ለሁለት ኮሌጅ አመልክቱ፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ማመልከት ብዙም አያስወጣም። የሁለቱንም የፕሮግራም ኃላፊዎች ተመሳሳይ ጥያቄ በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሶቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ፣ ስንት ካሜራ፣ በየትኛው ሴሚስተር መሣሪያ ወደ ቤት ይወሰዳል፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ኮርስ ለሜጀር ይቆጥራል፣ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ኢንተርንሺፕ ሄደ። መልሱን ቁጥር በቁጥር ጽፎ የላከላችሁን ኃላፊ ቢሮ መጀመሪያ ሂዱ።